«ማን ታመመ?»፦ የጨለማ ጀግና ታሪክ በሕዝብ መዋጮ ያሳተምኩበት መንገድ

የመጀመሪያውን የመዋጮ ጥሪዬን በስልክ የላክሁላት አክስቴ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «ልጄ፣ ማን ታመመ?» አለችኝ። ማንም እንዳልታመመ፣ የኮሚክ መጽሐፍ ለማሳተም ገንዘብ እያሰባሰብኩ እንደሆነ ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «እና ማንም ሳይታመም ነው የምትለምነው?» አለች።

ሜሪላንድና ዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር ሐበሾች በኢንተርኔት የሚመጣ የመዋጮ ጥሪ ትርጉሙ የታወቀ ነው፤ ወይ ሆስፒታል የተኛ ሰው አለ፣ ወይ አገር ቤት የሚላክ አስከሬን አለ። ይህን ሳላስብ ነበር የገባሁበት። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ደግሞ ነገሩን ከእቁብ ጋር አያይዘው «ዳኛው ማን ነው? ዋሱስ?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ከሁሉም በላይ የገባቸው እሳቸው ነበሩ። ገንዘብ የማሰባስብበት የኢንተርኔት ድረ ገጽ፣ ኪክስታርተር፣ መድረኩን ይሰጣል እንጂ መጽሐፉ እንደሚደርስ ዋስ አይሆንም፤ ዋሱ ስሙን አውጥቶ የጠየቀው ሰው ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በአንዱ ዘመቻ ወድቄ በሌላው ስለተሳካልኝ፣ የልጆችም ይሁን የሌላ መጽሐፍ ሲያዘጋጁ ቆይተው ወደ ከበድ ያለ ታሪክ መሻገር ለሚፈልጉ ሠዓሊዎች ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው።

አሥር ዓመት ገደማ የልጆች ተረት በሥዕል ሳዘጋጅ ኖሬአለሁ። አያ ጅቦ፣ እመት ጦጢት፣ ሞኝና ብልጥ፤ ሁሉም ክብ ዓይን፣ ሁሉም ደማቅ ቀለም። በእንቁጣጣሽ ሰሞን በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በሐምሌ መግቢያ ደግሞ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል ላይ ጠረጴዛ ተከራይቼ እሸጣለሁ። ወላጆች ይገዛሉ፣ ልጆች ያቅፋሉ፣ እኔም ደስ ይለኛል። እንጀራዬ ግን ሌላ ነው፤ በዋሽንግተን መሐል ከተማ በሚገኝ ከመሬት በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ። ጀግናዬ የተወለደችው እዚያ ነው። ሌሊት በአራተኛው ምድር ቤት የብረት በር ሲዘጋ የሚሰማውን ድምፅ ያላወቀ ሰው ጨለማን አውቃለሁ አይበል።

ልጅቱ እንደ እኔ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ናት። ዘሮቿ ብረት ቀጥቃጮች ናቸው። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቆዳ ፋቂውን ቡዳ እያሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እያሉ ማራቅ የቆየ ግፍ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ማረሻውንና ጀበናውን ከእጃቸው ተቀብሎ ከማዕዳቸው መሸሽ! ታሪኬ ይህ ስም ተከትሏት ውቅያኖስ ስለተሻገረች ሴት ነው። ብረት ይታዘዝላታል። የምታደርገው ሁሉ ደግሞ ትክክል አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለው ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲወጣ ለኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና አንባቢ እንዳለ ዓይቼ ልቤ ተነሣሥቶ ነበር። የእኔዋ ግን ሌላ ዓይነት ነበረች። በቀለኛ ናት።

በ2022 የካቲት ላይ ዘመቻውን ከፈትኩ። ግቡ 18,000 ዶላር፣ ጊዜው 45 ቀን። በኪክስታርተር ግቡ ካልሞላ አንድ ሳንቲም አይሰጥም፤ አዋጪዎቹም አይከፍሉም። 96 ሰዎች 4,310 ዶላር ለማዋጣት ቃል ገቡ። በ45ኛው ቀን ሁሉም ወደ ባዶ ተመለሰ።

ብዙ ሰው እንዲህ ሲሆን «ሕዝባችን መጽሐፍ አያነብም» ብሎ ያማርራል። እኔም ለሁለት ሳምንት ያህል አማርሬአለሁ። ከዚያ አንዲት እናት የላከችልኝን መልእክት እንደገና አነበብኩት፦ «ልጄ የአንተን መጽሐፍ አቅፎ ነው የሚተኛው። የላክኸውን አዲሱን ሽፋን በስልኬ ላይ ዓይቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲባንን አደረ። ቢያንስ ብታስጠነቅቀን ምን ነበረበት?»

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነበር። የልጆች መጽሐፍ የገዙ የሦስት መቶ ወላጆችን አድራሻ ይዤ፣ ደም የነካው ሰንሰለት የጨበጠች ሴት ሥዕል ለሁሉም ልኬአለሁ። እኔ «አንባቢዎቼ» ያልኳቸው ሰዎች አንባቢዎቼ አልነበሩም፤ የአያ ጅቦ አንባቢዎች ነበሩ። እምነታቸውን የሰጡኝ ለአንድ ነገር ነው፤ እኔ ለሌላ ነገር አዋልኩት።

ለሁሉም የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍኩ። የአድራሻ መዝገቡን ለሁለት ከፈልኩት፤ በአዲሱ ውስጥ የገባው በራሱ ፈቃድ «እኔን ጨምረኝ» ያለ ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ሰው! ከሦስት መቶ ወደ ሃያ ስድስት መውረድ ያማል፤ ነገር ግን ሃያ ስድስቱ ምን እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። ለጨለማው ሥራ የተለየ የኅትመት መለያ አወጣሁ፤ ሽፋኑ ላይም «ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በላይ ለሆኑ» የሚል ጽሑፍ ከርዕሱ ባላነሰ ግልጽነት አስቀመጥኩ። ስሜን እንድቀይር የመከሩኝ ነበሩ። አልቀየርኩም፤ ሽማግሌው እንዳሉት ዋሱ እኔ ነኝና።

በዚያ ዓመት መስከረም፣ ከቤቴ ብዙም በማይርቀው በቤተስዳ ከተማ የሚካሄደውን የትናንሽ አሳታሚዎች የኮሚክ ትርዒት ለማየት ቻልኩ። ምንም ሳልሸጥ ሁለት ቀን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርኩ ጠየቅሁ። ሰዎቹ ምሥጢር አይደብቁም። ሁለት ነገር ደጋግመው ነገሩኝ። አንደኛ፣ ጨለማ ታሪክ የሚወድ አንባቢ አስቀድሞ ኪክስታርተር ላይ አለ፤ እርሱን ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አትፈልገው። ሁለተኛ፣ በአምስት ገጽ አትምጣ። በመጀመሪያው ዘመቻ ያሳየሁት አምስት ገጽ ብቻ ነበር። ለማያውቀኝ ሰው አምስት ገጽ ተስፋ እንጂ መጽሐፍ አይደለም። በሁለተኛው ጊዜ ከ44 የታሪክ ገጾች 30ውን ጨርሼ ነው የቀረብኩት።

ስለ ጨለማነቱ ራሱ ጥቂት ልበል፤ ከገንዘቡ ይልቅ ያስቸገረኝ እርሱ ስለሆነ። የአሜሪካ ኮሚክ አሳታሚዎች በ1954 በራሳቸው ላይ ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብ በሁሉም ታሪክ መልካም ክፉን እንዲያሸንፍ፣ ወንጀለኛም እንዲቀጣ ያዝዝ ነበር። የመጨረሻዎቹ አሳታሚዎች ደንቡን የተዉት በ2011 ነው። እኛ እንዲህ ያለ የተጻፈ ነገር የለንም፤ ያልተጻፈው ግን ይበልጣል። ስለ ቡዳ አይወራም፣ ገበና አይገለጥም፣ ሽማግሌ አይሰደብም። እኔ ደፋር ለመምሰል ይህን ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ልጥስ ተነሣሁ። የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ ሦስት ሰው በስምንት ገጽ ውስጥ ይሞታል። ዛሬ ሳየው ያሳፍረኛል።

ያስተካከለኝ አርታኢ ሳይሆን አንዲት አንባቢ ናት። ከሃያ ስድስቱ አንዷ የሆነች፣ አውሮፓ የምትኖር ሴት ረቂቁን ካነበበች በኋላ እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ፦ «አያቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ጎረቤት ከቤታችን ውኃ አይጠጣም ነበር። ጀግናህ በ19ኛው ገጽ ላይ በእውነት ጅብ ከሆነች፣ ስም አጥፊዎቹ እውነታቸውን ነበር እያልክ ነው።»

ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ጅብ የምትሆንበት ገጽ የምኮራበት ገጽ ነበር፤ ጥፍሩን ለመሳል ብቻ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። አሥራ አንድ ገጽ ቀድጄ እንደ አዲስ ሣልኩ። አሁን ልጅቱ ጅብ አትሆንም። ጅብ የሚያዩት የሚያሳድዷት ሰዎች ናቸው፤ የሥዕሉ ክፈፍ በእነርሱ ዓይን ሲሆን ጅብ አለ፣ በእርሷ ዓይን ሲሆን የደከማት ሴት አለች። ታሪኩ የጨለመው ይህን ጊዜ ነው፤ አንድ ጠብታ ደም ሳይጨመር። እንዲህ ያለ ታሪክ የምትነኩ ከሆነ፣ ጉዳዩ የሚነካቸው ሰዎች ከኅትመት በፊት እንዲያነቡት አድርጉ። ፈቃድ ለመጠየቅ አይደለም። የማታዩትን እነርሱ ስለሚያዩ ነው።

ወደ ማተሚያ ቤት እንግባ። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ወዳጄ ሲቸገር ያየሁት።

የልጆች መጽሐፍ ስሠራ ቀለም አስቸግሮኝ አያውቅም ነበር። የሌሊት ታሪክ ግን በኮምፒውተር ላይ ያማረ ሆኖ ወረቀት ላይ ጥላሸት ይሆናል። የኮምፒውተሩ መስተዋት ከኋላው ብርሃን አለው፤ ወረቀቱ የለውም። የመጀመሪያው የሙከራ ቅጂ ሲመጣ ምድር ቤቱ፣ ልጅቱና አሳዳጆቿ አንድ ጥቁር ጭቃ ሆነው ነበር። መፍትሔው ሲነገር ቀላል ነው፤ የኮምፒውተሩን የብርሃን መጠን ከግማሽ በታች ዝቅ አድርጎ መሥራት፣ በጨለማ ውስጥ የቆመን ሰው ትከሻ ወይም ጉንጭ በቀጭን ብርሃን መለየት፣ ጥቁር የሆነውን ጥቁር ማድረግና «ጥቁር ለመሆን ጥቂት የቀረው» የሚባለውን ቀለም መተው። ሰፊ ጥቁር ቦታ በጥቁር ቀለም ብቻ ከታተመ ግራጫ መስሎ ይወጣል፤ ስለዚህ ከሥሩ ሌሎቹ ቀለሞች ይጨመሩበታል። እኔ የተጠቀምኩት ሰያን (ውኃ ሰማያዊ) 60፣ ማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ) 40፣ ቢጫ 40፣ ጥቁር 100 በመቶ ነው። ከዚህ በላይ ሲበዛ ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ ሚቀጥለው ገጽ ይጋባል፤ ገደቡን ከማተሚያ ቤቱ መጠየቅ ነው።

ፊደላችን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ለድባቡ ብዬ የልጅቱን የሐሳብ ቃላት በጥቁር ላይ በነጭ ጽፌ ነበር። ሰ እና ሱ የሚለያዩት ጎን ላይ በምትቀጠል አንዲት ሰረዝ መሆኑን አስቡ። ዙሪያው ያለው ቀለም ትንሽ ሲፈስ ያቺ ሰረዝ ትጠፋለች። በታሪኩ ውስጥ ሦስት አሳዳጆች አሉ፤ ቃሉ «ተመለሱ» ነው። በሙከራ ቅጂው ላይ «ተመለሰ» ይነበባል። ሁለቱ የት ገቡ?

ነጩን ጽሑፍ የተውኩት በዚህ ብቻ አልነበረም። መጽሐፉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው የታተመው፤ እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን አብዛኞቹ ፊደል አያነቡም። ጽሑፉ ሁሉ በነጭ የንግግር አረፋ ውስጥ፣ በጥቁር ቀለም ብቻ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ማተሚያ ሰሌዳ በሚሠራበት በኦፍሴት ኅትመት ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲታለፍ የሚቀየረው የጥቁሩ ሰሌዳ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሦስት ሰሌዳዎች እንዳሉ ይሠራሉ። ጽሑፉ ከቀለም ውስጥ በነጭ የተቀረጸ ከሆነ ግን አራቱም መቀየር አለባቸው፤ ክፍያውም በዚያው ልክ ይጨምራል። በልጆች ኮሚክ ዘመኔ ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስንት ገንዘብ በተረፈኝ። (በሥዕሉ ላይ የሚጻፉትን ድምፆችም ከእንግሊዝኛ አትቅዱ። የእኛ የብረት በር «ጓ!» ይላል፣ መስተዋት «ከሽ!» ይላል፤ ለምን ይጥፋ?)

ሁለተኛውን ዘመቻ በ2023 መስከረም ለ28 ቀን ከፈትኩ። ግቡ 6,500 ዶላር ነበር፤ የማልመውን ሳይሆን ማተሚያው፣ ቀለም ቀቢውና ፖስታው የሚፈጁትን ደምሬ ያገኘሁት ነው። ከመክፈቴ ሦስት ወር በፊት ኪክስታርተር የሚፈቅደውን የቅድሚያ ማስታወቂያ ገጽ አውጥቼ፣ በሐምሌው የስፖርት በዓል ላይ የአያ ጅቦ መጻሕፍትን ከፊት ደርድሬ፣ አዲሱን ከጠረጴዛው ሥር በፖስታ ውስጥ አስቀምጬ፣ ለአዋቂ ብቻ እያሳየሁ 400 የሚያህል ሰው «ሲከፈት አሳውቁኝ» የሚለውን እንዲጫን አደረግሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ግማሹ ሞላ። ከዚያ አሥራ አምስት ቀን ድርቅ ሆነ፤ በቀን አንድ ሰው፣ አንዳንድ ቀን ማንም። ይህ የሁሉም ዘመቻ ጠባይ ነው ቢሉኝም እንቅልፍ አጥቼአለሁ። ሊዘጋ 48 ሰዓት ሲቀረው ኪክስታርተር ዘመቻውን ምልክት አድርገው ላቆዩት ሰዎች ማስታወሻ ይልካል፤ የመጨረሻው ሩጫ ከዚያ ይመጣል።

231 ሰዎች፣ 9,120 ዶላር። ደስታዬ ሳይበርድ ሒሳቡን ልስጣችሁ። አራት ሰዎች ካርዳቸው ስላልሠራ 150 ዶላር ቀረ። ኪክስታርተር አምስት በመቶ ይወስዳል፤ የክፍያ አገልግሎቱ ደግሞ ሦስት በመቶና ከእያንዳንዱ አዋጪ 20 ሳንቲም። ሁለቱ ተደምረው 763 ዶላር ገደማ ሆኑ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባንክ የገባልኝ 8,207 ነው። ለ1,000 ቅጂ ኅትመት 2,900፣ ለቀለም ቀቢው በገጽ 60 ዶላር ሒሳብ 2,640፣ ለአርታኢ 400፣ ለፖስታና ለማሸጊያ 1,480፣ ለሙከራ ቅጂዎች 110። የተረፈኝ 677 ዶላር ሲሆን ለ44 ገጽ ሲካፈል በገጽ 15 ዶላር ገደማ ይደርሳል። አንድ ገጽ ሁለት ሌሊት ይፈጃል። የሌሊት ሥራዬን አልለቀቅሁም፤ እናንተም አትልቀቁ።

መዋጮው ስጦታ መስሎኝም ነበር። የግብር ባለሙያዬ «ገቢ ነው» አለኝና ወጪውም ገንዘቡ በገባበት ዓመት ውስጥ እንዲያልፍ ለማተሚያ ቤቱ ሳልዘገይ እንድከፍል መከረኝ። በታኅሣሥ መጨረሻ ዘመቻ የሚዘጋ ሰው ይህን ያስብበት።

ፖስታው ላይ የሠራሁት ስሕተት አሁንም ያናድደኛል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ለመጻሕፍት የተለየ ርካሽ ዋጋ አለው፤ እኔም ሒሳቤን የሠራሁት በእርሱ ነው። ነገር ግን ማስታወቂያ ያለበት ኅትመት በዚያ ዋጋ አይሄድም። የመጽሐፌ የኋላ ሽፋን ላይ ደግሞ 200 ዶላር የከፈለኝ የአንድ እንጀራ ቤት ማስታወቂያ በሙሉ ቀለም ተንጣልሏል። ለፖስታ የጨመርኩት ከ200 ዶላሩ በለጠ። ማስታወቂያ ከመሸጣችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ።

ወደ ውጭ አገር የሚላከው ሌላ ነገር ነው። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገባ ዕቃ ከ2021 ሐምሌ ወዲህ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም ግብር አለበት፤ ይህን ያልነገርኳቸው ጀርመንና ስዊድን ያሉ አንባቢዎቼ መጽሐፋቸውን ለመረከብ ሲጠየቁ ደነገጡ። በዓረብ አገሮች የሚሠሩት እኅቶቻችን የራሳቸው የፖስታ ሳጥን የላቸውም፤ ለእነርሱ በስልክ የሚነበብ ቅጂ በአምስት ዶላር አቀረብኩ። አዲስ አበባ ያሉት ሊያዋጡ ፈልገው በካርድ መክፈል ስላልቻሉ በዘመድ በኩል ነው የገቡት። ዘመቻ መክፈት ለሚፈልግም ኪክስታርተር የሚፈቅደው በተወሰኑ አገሮች ለሚኖሩ ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ ከዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ስለዚህ አገር ቤት ያለ ሠዓሊ ውጭ የሚኖር አጋር ያስፈልገዋል፤ ያ አጋር ገቢው በስሙ እንደሚመዘገብና ግብሩም የእርሱ እንደሚሆን አስቀድሞ ይወቅ። ውላችሁንም በጽሑፍ አድርጉት፤ ወንድማማች ብትሆኑም።

እንግሊዝኛው 600፣ አማርኛው 400 ነበር የታተመው። ለአዋጪዎቹ ከሄደው በኋላ ወደ 800 የሚጠጋ ቅጂ ቤቴ ቀረ፤ የአንዱን ዋጋ አረክሳለሁ ብዬ 1,000 ያሳተምኩት እኔው ነኝ። በበዓላትና በትርዒቶች ላይ ቀስ እያለ ይሸጣል። ለክፍል ሁለት የአንዱ ዋጋ ቢወደድም 500 ብቻ ለማሳተም ወስኛለሁ፤ ባለቤቴም አልጋው ሥር ከእንግዲህ ቦታ እንደሌለ አስታውቃኛለች።